የሠርግ ወር በፋርጣ

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ፣ ጥር 2010 ዓ.ም.

ጥር በዚህ መንገድ ላይ የሠርግ ወር ነው። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም ተቃርቧል። ልጁን ለመዳር የቆረጠ አባት አሁን ካልደገሰ እስከ ፋሲካ መጠበቁ ነው። ሚኒባሳችን ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር አበባ የታሰረባቸው መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ደጋግመው ቀደሙን። በአንደኛው ውስጥ የተቀመጠችውን ሙሽራ ዕድሜ ለመገመት አንገቴን ባሰግም ፊቷ ተሸፍኗል።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቅርጫታቸውን ጉልበታቸው ላይ አመቻችተው፣ «ለሠርግ ነው የምትሄጅ፣ እታለም?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ተድረው የሚኖሩ ልጆችን ለማየት ነው።»

«ከተዳረች ወዲያማ ማን ያያታል» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከአዲስ አበባ ያስነሳኝም ይኸው ነገር ነበር። ሕጉ ዓይኑን የሚጥለው ሠርጉ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ተቀብሏል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13ም ሆነ ከዚያ በላይ የሞላትን ያገባ እስከ 3 ዓመት እንደሚታሰር ይደነግጋል። ይህ ሁሉ እያለ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ 18 ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አገኘ። እነዚህ ልጆች ሕጉ ሳይደርስላቸው የቀሩ ናቸው። ሠርጋቸው ካለፈ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ግን ገና ሃምሳ ዓመት ሊቀጥል ይችላል።

የልማት ፕሮግራሞችም በአመዛኙ የሚደክሙት ላልተዳረችው ነው። ድካማቸውን አላቃልልም፤ ውጤቱ የሚያኮራ ነው። እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ፣ በሞሰቦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረው «ብርሃነ ሄዋን» ልጃገረዶችን በቡድን እየሰበሰበ ያስተምር፣ የትምህርት ቁሳቁስ ያቀርብ ነበር። ልጅቱ ስብሰባዋን አዘውትራ ከተከታተለችና ወላጆቿ ሁለት ዓመት ሳይድሯት ከቆዩ አንድ ፍየል ይሰጣቸው ነበር። ላገቡትም የሳምንት ስብሰባ ነበረው፤ ስሙ የታወቀው ግን በፍየሉ ነው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልገባበት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ፤ የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ይህ አልታየም፤ እንዲያውም ከሌላው ቀበሌ ይልቅ ያገቡት በዙ። በኋላ በተደረገ ሌላ ሙከራ ልጅቱ ሳትዳር በትምህርቷ ለቆየችበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ ለቤተሰቡ ሲሰጥ፣ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች የመዳር ዕድል በግማሽ ቀነሰ። ፍየሉም ዶሮውም ለልጅቱ ጊዜ ገዝተውላታል። ጊዜው ያልተገዛላት ልጅስ?

አውራ አምባ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፈን የፎገራን ሜዳ ለቀቅን። ሩዙ ታጭዶ ገለባው በየማሳው ተቆልሏል። በአለምበር በኩል ወደ አውራ አምባ ጎራ አልኩ፤ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱትን ማኅበረሰብ ሳያዩ በዚህ ጉዳይ ላይ በዚህ መንገድ ማለፍ አይገባም። እዚህ ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በፊት አያገባም። የሥራ ክፍፍሉ በጾታ አይደለም፦ አንድ ጎረምሳ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጥጥ ይፈትላል፣ እህቱ ከውስጥ የሸማኔ ዕቃ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቢሆንም የአውራ አምባ ልጅ የምትወለደው ልማዱ ከተለወጠ ቤት ውስጥ ነው። እኔ የምሄድባቸው ሴቶች የሚኖሩት ከአማታቸው ጋር በአንድ ጓዳ፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነው፤ ልማዱን መለወጥ ያለባቸው እዚያው ሆነው፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር እየኖሩ ነው።

ደብረ ታቦር፣ ማታ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ከአንድ ሰፈር ከበሮ ይሰማል፤ ከሌላው ደግሞ የሠርግ ዘፈን በድምፅ ማጉያ።

ማታ ሻይ ቤት ያገኘሁት ሰው የ«ተስፋ» ፕሮጀክት ሲካሄድ በመስክ ሠራተኛነት ቆይቷል። ፕሮጀክቱን ኬር ኢትዮጵያ በደቡብ ጎንደር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ያህል ያገቡ ወጣት ሴቶችን አቀፈ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 19 ነበር። በአራት ተመደቡ፦ አንዱ ምድብ ቁጠባና ገቢ ማስገኛ፣ ሌላው የሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ተማረ፤ አራተኛው ለንጽጽር ዘግይቶ ገባ። መምህር አልተመደበላቸውም። ከመካከላቸው የመረጧት ልጅ ሠልጥና ትመጣና ለጓደኞቿ ታስተላልፋለች። ለየቡድኖቹ ድጋፍ እንዲሆኑ ቄሶች፣ ሽማግሌዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉበት የጎልማሶች ቡድን በጎን ተቋቋመ። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ዓመታት ቢያልፉም ብዙዎቹ የሴቶች ቡድኖች መሰብሰባቸውን አላቆሙም።

«ገንዘብ ስላላቸው ነው የሚሰበሰቡት እል ነበር» አለኝ። «ኋላ ስዞር ግን ቁጠባ ያልተማሩትም ይሰበሰባሉ። ሳጥን የላቸው፣ አበል የላቸው። ምን ትሠራላችሁ ስላቸው፣ እንነጋገራለን አሉኝ።»

ፋርጣ፣ ሰንበት

ከአስፋልቱ ወርደን በባሕር ዛፍ መካከል ወጣን። የገብሱ ቃርሚያ ላይ የሌሊቱ ውርጭ ገና አልቀለጠም፤ ጉና ከወዲያ ማዶ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ላየው የመጣሁት የ«ተስፋ» ቡድን የሚሰበሰበው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ የእርሻ ሥራ በማይሠራበት ሰዓት ነው። ይህን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ «ሥራ ፈታሽ» የሚል አፍ እንዳይከፈትባቸው።

አንድ ወይራ ሥር ቁርበትና ማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፏል። አብዛኞቹ አሁን ሃያዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ጥቂት አዲስ የገቡ ልጆችም አሉ። ሕፃን ያላዘለ ጀርባ ጥቂት ነው። ሊቀ መንበሯ የተዳረችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇን የምታወራጭ ሴት ናት። እዚህ አገር ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላታል፤ ቤተ ዘመዱ ከዚያ በኋላ የሚጠራት በዚያ ነው። ወይራው ሥር ግን ሁሉም የሚጠራሩት እናታቸው ባወጣችላቸው ስም ነው። ማንም ደንግጎላቸው አይደለም፤ እንዲሁ ተጀምሮ እንዲሁ ቀጠለ።

«ውኃ ስወርድም ከአማቴ፣ እንጨት ስለቅምም ከአማቴ ጋር ነበርኩ» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ‹እሽ› ከማለት በቀር ከአፌ ቃል ሳይወጣ የሚመሽበት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ እዚህ ስመጣ ተናገሪ ሲሉኝ አለቀስኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።»

ስብሰባው በሳጥኑ ተከፈተ። የብረት ሳጥን ነው፣ ሦስት ጓጉንቸር አለው። ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች ነጠላ ጫፍ ተቋጥረዋል፤ ሳጥኑን ቤቷ የምታሳድረው አራተኛዋ ናት። ሦስቱ ተራ በተራ ተነስተው ከፈቱ። ገንዘብ ያዧ ክዳኑን ከማንሳቷ በፊት ባለፈው ስንት እንዳደረ ጠየቀች፤ ማንበብ የማይችሉትም ጭምር ቁጥሩን በአንድ ድምፅ ጠሩት። ደብተር ቢጠፋ፣ ቁጥር ቢፋቅ የሃያ ሴት አእምሮ አይፋቅም። ከዚያ እያንዳንዷ የምትችለውን ያህል ድርሻ ገዛች፤ ለእያንዳንዱ ድርሻ ደብተሯ ላይ ማኅተም ይመታላታል። ለሐዘን፣ ለወሊድና ለሕመም የሚሆነው ሳንቲም ለብቻው በጨርቅ ይቋጠራል። አርፍዳ የመጣች አንዲት እናት መቀጫዋን ከመቀመጧ በፊት ከፈለች። ባሏ በሬ እንዲጠብቅላት ለምና እንደመጣች ብትናገርም አልማሯትም፤ እሷም አልተቀየመችም።

ገንዘቡን አይቼ ልለፈው። ሲደንቀኝ የቆየው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

የዕለቱ ርእስ የወሊድ መከላከያ ነበር፤ መርፌውን በተመለከተ አይደለም፣ ያንንማ ከጤና ኬላው ባለሙያ በላይ ያውቁታል። የተነሳው ጥያቄ ለባል ይነገር ወይስ ይደበቅ የሚል ነው። አንዷ የባሏን ጋቢ ተከናንባ ዱላ ትከሻዋ ላይ አጋድማ ገበያ ውላ እንደገባ ሰው ተቀመጠች። ሌላዋ ሚስት ሆነች። ውኃ አቀረበች፣ እግር አጠበች፣ ገበያው እንዴት እንደነበር ጠየቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ይቺ ልጃችን ጡት ሳትጥል ሌላ ቢደገም አቅም ያንሰናል፤ ጤና ኬላ አብረን ብንሄድስ?» አለች። ባልየው ዱላውን መሬት ላይ አኖረና፣ «ከማን ተማርሽው?» አለ። ሳቁ ወይራውን አናወጠው። ይህን ቃል ሁሉም ቤታቸው ሰምተውታል።

ከሳቁ በኋላ ክርክሩ ጠነከረ። አንዲት ጠይም ወጣት፣ «ደብቄ ብወጋ በየሦስት ወሩ ስሰጋ ልኖር ነው፤ ነግሬው ቢቆጣ ግን አንድ ቀን ነው» አለች። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጀርባ የተቀመጠች፣ እስካሁን ያልተናገረች ልጅ፣ «ያንች ባል ይቆጣል፣ የኔው ይማታል፤ እንዴት አንድ ይሆናል?» አለች።

ከተማ ውስጥ ስለ በራስ መተማመን በተዘጋጁ ብዙ ሥልጠናዎች ላይ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ አሠልጣኙ «ደፋር ሁኚ» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እዚህ ማንም ደፋር ሁኚ አላላትም። ሊቀ መንበሯ፣ «መቼ መቼ ነው የሚማታው?» ብላ ጠየቀች። ሲጠጣ ነው ወይስ ሳይጠጣ? ከናቱ ፊት ይማታል ወይስ ተደብቆ? የሚሰማው ሰው ማን ነው? ልጅቱ እያንዳንዱን መለሰች፤ ታላቅ ወንድሙን እንደሚፈራ ተናገረች። የወንድምየው ሚስት እዚያው ተቀምጣለች። ነገሩ በሷ በኩል ወደ ወንድሙ እንዲሄድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ለሕፃኑ ክትባት በሚል ቤታቸው ጎራ ብላ ወሬውን ራሷ እንድትጀምር ተስማሙ። ዱላው ከተደገመ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ሽማግሌዎቹ ቡድን ይሄዳል፤ እስከዚያ ሁለት ጎረቤቶቿ ማታ ማታ እሳት ሊጭሩ እያሉ ብቅ ይሉባታል። ልጅቱ አንድም ጊዜ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ካስተካከለች በኋላ፣ «ለወንድሙ ዛሬ አትንገሪው፣ ነገ ገበያ አለ፤ ከነገ ወዲያ ይሁን» አለች። ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት። በራስ መተማመን ከተባለ ለኔ ይኸው ነው፦ ከጀርባዋ ሃያ ሴት እንዳለች አውቃ ቀኑን ራሷ የምትመርጥ ልጅ።

አማት

አጥሩ ጥግ እንዝርታቸውን ይዘው ሲፈትሉ የነበሩት እናት የሊቀ መንበሯ አማት ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ባላቸው ቤት የገቡት በዘጠኝ ዓመታቸው ነው። «ቁመቴ ለወፍጮው አይደርስም ነበር፤ ድንጋይ አስቀምጠውልኝ ነው የፈጨሁ» አሉኝ። ምራታቸው ስብሰባ ስትጀምር ተቃውመው ነበር። ምን ለወጠዎት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጁን የምይዝላት እኔ ነኝ። እኔ ካልያዝኩላት አትሄድም። እሷም ስትመለስ የተባለውን ሁሉ ትነግረኛለች። እኔን እኮ ልጄ፣ ይህን ያህል ቁም ነገር ብሎ ያዋየኝ ሰው በዕድሜዬ አልነበረም። አሁንማ ካልነገረችኝ እራቱን አልቀምስም።»

ከእንዝርቱ ቀና ሳይሉ ነው ይህን ያሉት። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚለካው በወጣቶቹ ብቻ ነው፤ በአጥሩ ጥግ ያሉትን የሚቆጥር መጠይቅ አላየሁም። ቢቆጠሩ መልካም ነበር።

የሽማግሌዎቹ ቡድን

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከጎልማሶቹ ጋር ተቀመጥን። የደብሩ ቄስ ነገሩን ከሥሩ አነሱት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን ማግባት አለበት፤ ሚስቱም ድንግል መሆን አለባት። ስለዚህ የካህን ቤተሰብ ሙሽራ ሲፈልግ ጥርጣሬ የማያገኛት ትሁን እያለ ዕድሜዋን ዝቅ፣ ዝቅ ሲያደርግ ኖሯል። ገበሬውም የካህናቱን እያየ ተከተለ። «ድንግል ትሁን ማለት ሕፃን ትሁን ማለት አይደለም። ይህንን እኔው ካልተናገርኩት ሌላ ማን ይናገረዋል?» አሉ። የራሳቸውን ሚስት ያገቧት ስንት ዓመቷ ላይ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ልጃቸውን ግን አሥረኛ ክፍል እያስተማሩ ነው።

ሠርግን መደበቅ ቀላል ነው። ተዝካር ነው ተብሎ ይደገሳል። ወይም አሥራ ስምንት የሞላት ታላቂቱ በአደባባይ ስትዳር ታናሺቱ በዚያው ድግስ፣ በጓሮ በኩል ትሸኛለች። ቀበሌው የሚሰማው ሲያልቅ ነው። መጀመሪያ የሚሰሙት ሴቶቹ ናቸው፤ ብቅል ሊያበቅሉ፣ በርበሬ ሊቀነጥሱ፣ እህል ሊለቅሙ ይጠራሉና። በዚህ ጥር አንዲት የቡድኑ አባል ለታላቂቱ ሠርግ በርበሬ ስትቀነጥስ ሁለት ቀሚስ ሲለካ አየች። አንደኛው አጭር ነበር። ማታውኑ ለሊቀ መንበሯ፣ ጠዋት ለቄሱ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ አባትየው ጥሎሹን ተቀብያለሁ፣ ቃሌን ምን ላድርገው ብሎ ተሟገተ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው የታናሺቱን ጥሎሽ አስመለሱ። ልጅቱ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ተገኝታለች።

ሁለቱን ቀሚሶች አይታ ይህን ሠርግ ያስቆመችው በአሥራ አራት ዓመቷ የተዳረች ሴት ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ለነበሩት እናት ይህንን ብነግራቸው እወድ ነበር።

በማግስቱ፣ ስለ ዩኒፎርም

ከመሄዴ በፊት የቡድኑ አመራሮች ለአንድ ጉዳይ ተሰበሰቡ። ከአዲሶቹ አባላት አንዷ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ተድራ አሁን አሥራ ሰባት የሆናት፣ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል መመለስ ትፈልጋለች። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ቦርሳ፤ ለዚህ ብድር ጠየቀች። መተዳደሪያ ደንቡ ብድር ለሚያተርፍ ሥራ ብቻ ነው ይላል፦ ለበግ ማድለቢያ፣ ለእንቁላል ንግድ፣ ለአረቄ።

ገንዘብ ያዧ ደንቡን ጠብቃ ቆመች። ትምህርት ትርፉ መቼ ነው? ብትወልድና ብታቋርጥስ? ጸሐፊዋ ደግሞ ለአረቄ አበድረን ለደብተር እንዴት እንከለክላለን አለች። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ግማሹ ከማኅበራዊ ገንዘቡ በስጦታ፣ ግማሹ ያለ ወለድ ብድር ሆኖ ከድንች ምርት እንዲመለስ ተወሰነ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ተጨመረበት፤ ባልየው እዚሁ መጥቶ በአፉ ይስማማ።

ተጠርቶ መጣ። ሃያ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ኮፍያውን እጁ ላይ ያጣጥፋል። ውኃውን ማን ይቀዳል፣ ከብቱን ማን ያግዳል፣ እናትህ ቢቃወሙ ምን ትላለህ ብለው አጣደፉት። ውኃውን ጠዋት እሱ እንደሚቀዳ ተናገረ። ስለ እናቱ ትንሽ አሰበና፣ «እናቴን እናንተ አናግሩልኝ» አለ። ቀጥሎ ራሱም ያቋረጠው ስድስተኛ ላይ እንደሆነ፣ እሷ ከሄደች የማታውን እሱም መጀመር እንደሚፈልግ፣ ለዚያ ግን ብድር እንደማይጠይቅ ተናገረ።

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን በትልልቅ ፊደል ጻፈች፣ ሁለቱም አውራ ጣታቸውን አስነክተው ፈረሙ። እናቱን እንዲያናግሩ የተመደቡት የሊቀ መንበሯ አማት ናቸው።